የሚጥል በሽታና የምድጃው እሳት

ሕዝብ ለአንድ ደዌ ያወጣለት ስም ስለ ደዌው የነበረውን አስተሳሰብ ይገልጻል። በአማርኛ «የሚጥል በሽታ» እንለዋለን፤ በአርሲ ደጋ የሚነገረው ኦሮምኛም «ገገብዶ» ይለዋል። ሁለቱም ስሞች የሰውየውን ተዝለፍልፎ መውደቅ ይናገራሉ እንጂ የወደቀበትን ምክንያት አይናገሩም። ምክንያቱ ከዐይን የተሰወረ ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ለርኩስ መንፈስ ሰጡት፤ ለሃጩም ይጋባል ብለው ፈሩ።

ይህ ፍርሀት ብርድ በጸናበት አገር ጉዳቱ ይበዛል። በጭላሎ ተራራ ሥር፥ በአሰላ ዙሪያ ባለው የገጠር ቤት፥ ምድጃው የቤተሰቡ መሰብሰቢያ ነው። ሕመምተኛው በእሳቱ ላይ ሲወድቅ በአጠገቡ ያለው ሰው እንዳይጋባበት ሠግቶ እጁን ቢሰበስብ፥ ደዌው ከጣለው ይልቅ ፍርሀት ያቃጠለው ይብሳል።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ፥ በግሪክ አገር በሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ደዌው ከአማልክት ሳይሆን ከአንጎል የሚመነጭ መሆኑን አስረዳ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ለዚህ ደዌ እንደሚረዳ አስታወቀ። መድኃኒቱ ዋጋው ርካሽ ሲሆን ዛሬም ይሠራበታል።

ከአሰላ በስተምዕራብ፥ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ በምትገኘው በቡታጅራ አካባቢ፥ ከ1986 እስከ 1988 (እ.ኤ.አ.) ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከቤት ወደ ቤት ጥናት አካሄዱ። ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ ይህ ደዌ ነበረባቸው፤ ከሺህ አምስት ያህል ማለት ነው። ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። የሃውፕትማን መድኃኒት ሰባ ዓመት ከበለጠው በኋላም ከገጠሩ ቤት አልደረሰም ነበር ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት ሕመምተኞች ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጸበል የሚጠመቀውም ሆነ ዱዓ የሚያስደርገው ወገናችን፥ እምነቱን እንደ ያዘ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ እንመክራለን።

ደዌው በለሃጭም ሆነ በመንካት አይጋባም። የወደቀውን ሰው ከእሳት ማራቅ፥ በጎኑ ማስተኛት፥ የአንገቱን ልብስ ማላላት ይገባል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅመውም፤ በአፉም ምንም ነገር አይጨመርበት። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ሐኪም እስኪገኝ መንገዱ ሊረዝም ይችላል፤ ከምድጃው እሳት ለማንሣት ግን የጎረቤት እጅ ቅርብ ነው።