«ኦትርማን» ስለሚባለው የፈረንሣይኛ ተውሳከ ግሥ እና ስለ 1539 ዓዋጅ

በፈረንሣይኛ «ኦትርማን» የሚባል ተውሳከ ግሥ አለ። «ኦትር» ሌላ ማለት ነው፤ «ማን» የሚለው መድረሻ ግን «ሜንስ» ከሚለው የሮማይስጥ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ልብ ወይም ሐሳብ ነው። እንግዲህ ጥንት «በሌላ ሐሳብ» ያሰኝ የነበረው አነጋገር ኋላ «በሌላ አኳኋን» ለማለት ዋለ። አንዳንድ ጊዜም እንደ እኛ «አለዚያ» ያገለግላል።

ይህ ትንሽ ቃል በታሪክ ውስጥ ስፍራ ያገኘው በ1539 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ በቪሌር ኮትሬ ባወጡት ዓዋጅ ነው። ቻንስለሩ ጊዮም ፗዬ ያዘጋጁት ይህ ዓዋጅ 192 አንቀጾች አሉት። 111ኛው አንቀጽ ፍርድና ውል ሁሉ በፈረንሣይ የእናት ቋንቋ እንዲጻፍ ካዘዘ በኋላ «ኖን ኦትርማን»፥ ማለት በሌላ አኳኋን እንዳይሆን ይላል።

ታዲያ «ሌላ» የተባለው የትኛው ቋንቋ ነው? አንዳንድ ሊቃውንት ሮማይስጥ ብቻ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ እንደ ኦክሲታንና እንደ ብሬቶን ያሉት የየአገሩ ቋንቋዎች ጭምር ተከልክለዋል ባዮች ናቸው።

እኛ እንደምናስበው፥ ተውሳከ ግሡ ብቻውን አይፈርድም፤ የሚከለክለውን ነገር የሚያስታውቀው ጎረቤቱ ነው። አንቀጹ በምክንያትነት የሚያነሣው የሮማይስጥን ቃላት አሻሚነት ነው። ይሁን እንጂ በ1535 ዓ.ም. ለፕሮቫንስ የወጣው ዓዋጅ ፈረንሣይኛ ባይሆን እንኳ የአገሩን ቋንቋ ፈቅዶ ነበር፤ በ1539 ግን ይህ ፈቃድ ሳይጻፍ ቀረ። ስለዚህ ሮማይስጥ በግልጽ ተባረረ፤ የቀሩት ቋንቋዎች ግን ሳይከለከሉ ፈቃዳቸውን አጡ። በ1794 ዓ.ም. የአብዮቱ መንግሥት የመንግሥት ጽሑፍ ሁሉ በፈረንሣይኛ ብቻ ይሁን ብሎ በግልጽ መደንገጉ፥ የቀድሞው ቃል ነገሩን እንዳልጨረሰው ያስረዳል።

ኦክሲታን ብቻ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ የሰዋስው ክርክር አልነበረም። ጸሐፊው ውሉን ከማይሰማው ሮማይስጥ ወደማይሰማው ፈረንሣይኛ ቢያዛውረው ምን ተጠቀመ?

110ኛው አንቀጽ የፍርድ ጽሑፍ ትርጓሜ እስከማያስፈልገው ድረስ ግልጽ ይሁን ይላል። ሁለቱ አንቀጾች ዛሬም በፈረንሣይ ፍርድ ቤቶች ይጠቀሳሉ፤ «ኦትርማን» ግን ከ480 ዓመት በላይ አልፎም ገና ትርጓሜ ያስፈልገዋል።