አሽከርነት፦ ከጌታ ፈቃድ እስከ ሕግ ጥበቃ

ባለፉት ዘመናት በኢትዮጵያ መኳንንት ቤት ጌታውን በቅርብ የሚያገለግል ወንድ አሽከር ይባል ነበር። ጌታው ሲወጣ በቅሎ ይጭናል፤ በመንገድ ከጎኑ ይከተላል፤ ማታ ሲመለስም እግሩን ያጥባል፣ መኝታውን ያነጥፋል።

በትልልቅ ቤቶች አገልግሎቱ በየሙያው የተከፋፈለ ነበር። እልፍኝ አስከልካዩ ወደ ጌታው የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል፤ ጋሻ ጃግሬው የጌታውን ጋሻና መሣሪያ ይዞ ይከተላል፤ ጠጅ አሳላፊው መጠጡን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። በዚህም ምክንያት ደጅ ጠኚው አቤቱታውን ለጌታው ለማሰማት አስቀድሞ የአገልጋዮቹን በጎ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት።

አገልግሎት የሹመት መንገድም ነበር። በልጅነታቸው ተማርከው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉት ባልቻ ሳፎ በአድዋ ዘመቻ ስመ ጥር ሆነው እስከ ደጃዝማችነት ደርሰዋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተጠሩበት «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕረግም መነሻው የቤተ መንግሥት ብላቴኖች አለቅነት ነው።

ይህ ዕድል የገጠማቸው ግን ጥቂቶች ነበሩ። አሽከር በአብዛኛው የተቆረጠ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚያገኘው ቀለብና ልብስ፣ ሲቀናውም መሬት ወይም ሹመት ነበር። ሁሉም በጌታው ቸርነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ጌታው ሲሞት ወይም ሲሻር የአገልጋዩም ኑሮ ይናጋ ነበር። ያም ሆኖ አሽከር ነጻ ሰው በመሆኑ ለሌላ ጌታ ማደር ይችላል። ባሪያ ግን ተመሳሳይ ሥራ እየሠራ እንደ ንብረት ይሸጥ ይለወጥ ነበር።

በኤደንና በሐረር መካከል ይነግዱ የነበሩ አውሮፓውያንም የግል አገልጋይ ነበራቸው። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ኤደን ደርሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ተሻገረ። በሐረር ያገለግለው የነበረው ጃሚ የተባለ ወጣት ነው። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ እስከ ዘይላ፣ ከዚያም በኤደን በኩል ወደ ማርሴይ ተወሰደ። በኅዳር ወር ከመሞቱ በፊት ለጃሚ ሦስት ሺህ ፍራንክ እንዲሰጥለት ተናዘዘ። ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ግን ጃሚ ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተሰጠ። ውለታው ታላቅ ቢሆንም የመጣው ከአሠሪው ፈቃድ እንጂ ከአገልጋዩ መብት አልነበረም።

ለውጡ በሕግ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ደረጃ በደረጃ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም ደግሞ ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛን ጤንነት፣ ምግብና በሕመም ጊዜ የሚደረግለትን እንክብካቤ የአሠሪው ግዴታ አደረገ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል አገልግሎት የሚደረጉ የቅጥር ውሎችን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ደንግጓል። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የደመወዙን መጠን፣ የዕረፍት ቀኑንና የሥራ ሰዓቱን በጽሑፍ ውል ማስፈር ዛሬም ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።