የኢያሱ ጥምጣምና የአዝማሪው ማሲንቆ

ወሬ ሙጃ የሚደርሰው ብቻውን ነው። ማን እንደተናገረው፣ ለማን እንደተናገረው፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መንገድ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው በባለሥልጣን ለማሾፍ የጻፈው «መግለጫ» ስክሪንሾት ይሆናል፤ ከቻናል ቻናል ይዞርና የላስታን ደጋ ሲወጣ የምር መግለጫ ሆኖ ይደርሳል።

ቀልዱ ዜና የሆነው የቱ ጋ ነው? ጥያቄው የፌስቡክና የቴሌግራም ዘመን ጥያቄ ይመስላል። ወሎ ግን ከመቶ ዓመት በፊት በደም የተማረው ነገር ነው።

ልጅ ኢያሱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነው። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ይወዳጅ፣ በጋብቻም ይተሳሰር ነበር። ሐረርና ኦጋዴን መሰንበት ያበዛ ነበር። ይህ እውነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን «ከቱርክ ጋር ሊወግንብን ነው» ብለው ፈርተውት ነበር። ይህም እውነት ነው። በእነዚህ ሁለት እውነቶች ላይ ሦስተኛ ነገር ተቀጠለ፤ ኢያሱን እንደ ሙስሊም ጠምጥሞ የሚያሳይ ፎቶግራፍ። በዚያ ሰሞን ከተሰራጩት ፎቶዎች መካከል ተቀናብረው የተሠሩ እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የዘመኑ ፎቶሾፕ ማለት ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው «ሃይማኖቱን ለውጧል» የሚለውን ክስ ሰሙ። አቡነ ማቴዎስ ለኢያሱ የገቡትን መሐላ ፈቱላቸው። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሲሉ የወሎን ጦር አስከትለው ዘመቱ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሡ ራሳቸው ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ይህን ሁሉ ፎቶ አመጣው አልልም። የሥልጣን ሽኩቻው ቀድሞ ነበር። ፎቶው ያደረገው ተወስኖ ላለቀ ነገር ማስረጃ መምሰል ነው። ደግሞም የሠራው በአሠራሩ ጥበብ አይደለም፤ አንድ ጥምጣም ማየት ለፍርድ የሚበቃው ሰው ስለነበረ ነው። ጥምጣምማ ቄሶቻችንም ይጠመጥማሉ! ንጉሥ ሚካኤልስ ቢሆኑ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ክርስትና እስኪነሱ ድረስ መሐመድ አሊ አልነበሩም? አንድ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም ሆኖ በሚኖርበት አገር «እስልምና» የክስ ቃል ሆነ። የሐሰት ዜና ጥላቻን አይፈጥርም፤ ያለውን ፈልጎ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ቀልዱ እንምጣ። ድሮ መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እረኛው መረጃ አለው ብለው አይደለም፤ የሕዝቡን ሆድ ሊሰሙ ነው። አዝማሪም እንዲሁ ነው። ስስታሙን ጌታ «ደግ፣ ቸር» እያለ ሲያሞግሰው ግብር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይስቃል። የተነገረው ውሸት ነው፤ የተታለለ ግን አንድም የለም። ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ ዘለፋ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ያልሆነ ነገር ይናገራሉ። ቀልደኛው ግን እንዲነቃበት ይፈልጋል፤ ሐሰተኛው እንዳይነቃበት ይጸልያል። ቀልድ ሲነቃበት ሥራውን ይጀምራል። የሐሰት ዜና ሲነቃበት ይሞታል።

ታዲያ መስመሩን ማን ያስምር? «መንግሥት» የሚል ካለ 1929 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየታደኑ እንዲረሸኑ አዘዘ። ጥፋታቸው «የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው» የሚል ወሬ መንዛት ነበር። ለግራዚያኒ ያ የሐሰት ወሬ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ወሬው እውነት ሆነ። ማሲንቆ ይዘው የተረሸኑት ግን አልተመለሱም።

ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለን። ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። ይኸው አዋጅ የኪነ ጥበብ ሥራንና የፖለቲካ ትችትን ከክልከላው ያወጣል። በወረቀት ደህና ነው። ግን «ይህ ቀልድ ነው፣ ይህ ወንጀል ነው» ብሎ የሚለየው የተቀለደበት ሰው ከሆነ፣ ከግራዚያኒ ችግር አልወጣንም።

ይህን ስል ቀልደኛውን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። በጥር 2008 «ኤርትራ ውስጥ ወንድ ሁሉ ሁለት ሚስት እንዲያገባ ታዘዘ፣ እምቢ ያለ ይታሰራል» የሚል ወሬ አፍሪካን አዳረሰ። ኬንያ ውስጥ በአንድ ጋዜጣ የቀልድ ገጽ ላይ የወጣ ነበር። የኤርትራ ባለሥልጣናት እስከ ማስተባበል ደረሱ። በሳቅ አለቀ።

እኛ ጋ በሳቅ አያልቅም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ሲገባ ስልክ ተቋርጦ ነበር። በነሐሴ 2015 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። እንዲህ ባለ ጊዜ «እንትን ከተማ ተያዘ» ብሎ መቀለድ አይቻልም። ኢንተርኔት ያለው ሰው ስቆ ያልፈዋል፤ ወሬው በሰው አፍ የደረሳት እናት ግን ልጆቿን ይዛ በሌሊት ትወጣለች። ማጣራት ደውሎ መጠየቅ የሚችል ሰው ዕድል ነው።

ስለዚህ ቀልደኛ ሆይ፣ እንደ አዝማሪው ቀልድ። አዝማሪ ፊቱን ሸፍኖ አይዘፍንም፤ ቤቱ ይታወቃል፣ የሚወጋውም ጌታውን እንጂ የጌታውን አሽከር አይደለም። ጽሑፍህ ተቆርጦ ያለ ስምህ ቢሄድም ቀልድነቱ ከላዩ እንዳይነቀል አድርገህ ጻፈው። «ቀልዴን ነበር» ከተያዙ በኋላ የሚባል ከሆነ ቀልድ አልነበረም።

አንተም አንባቢው፣ ሼር ከማድረግህ በፊት ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ይህን ያመንኩት እውነት ስለሆነ ነው፣ ወይስ የጠላሁት ሰው ላይ ስለሆነ? በ1909 ያንን ፎቶ ያዩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮ ክሱ ቢያንስ አንድ ማስረጃ ይጎድለው ነበር።