በፖለቲካ አለመረጋጋት ወቅት ከውጭ አገር ሆኖ በኢትዮጵያ ቤት መግዛት፦ ሥጋቶቹና አመዛዘናቸው

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት መኖሪያ ቤት የሚገዙት ብዙውን ጊዜ ለወላጆቻቸው ማረፊያ፣ ለራሳቸው የጡረታ ዘመን ወይም ለልጆቻቸው ውርስ ይሆን ዘንድ ነው። ገንዘቡም በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በሪያድ ወይም በዱባይ ለዓመታት ከተጠራቀመ ደመወዝ የሚወጣ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ከባከነ መልሶ ለማግኘት አዳጋች ነው። ይህ ጽሑፍ ግዥው በፖለቲካ አለመረጋጋት ወቅት ሲፈጸም የሚያጋጥሙ ሥጋቶችን እና የሚመዘኑበትን መንገድ ለዜጎች ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

በእንዲህ ያለ ወቅት ገዢዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ሰላም መቼ እንደሚሰፍን ነው። ለዚህ አስተማማኝ መልስ መስጠት የሚችል የለም። ሊመለስ የሚችለውና ለውሳኔ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን የሚከተለው ነው፦ መንገድ ቢዘጋ፣ ባንክ አገልግሎት ቢያቋርጥ ወይም ተወካዩ ባይገኝ፣ በገዢው እጅ ምን መብትና ምን ማስረጃ ይቀራል?

የሚገዛው መብት ምንነት

በኢትዮጵያ ሕግ ቤትና መሬት በአንድነት የሚሸጡ አይደሉም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬትም የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ገዢው የሚያገኘው የቤቱን ባለቤትነት እና በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አድርጎ ወስኗል። ስለሆነም የሚገዛው ቤት በሊዝ ወይስ በነባር ይዞታ ላይ እንዳለ፣ በሊዝ ከሆነ ደግሞ ምን ያህል ዘመንና ምን ያህል ዕዳ እንደቀረው አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል።

የገዢው ዜግነትም ወሳኝ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በመርህ ደረጃ ከልክሏል። ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ላላቸው ሰዎች የማይንቀሳቀስ ንብረት የማፍራት መብት ሰጥቷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም ለሌሎች የውጭ ዜጎች በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ዕድል ከፍቷል። ዜግነቱን የለወጠ ገዢ መታወቂያውን ሳይዝ በዘመድ ስም ቢገዛ፣ በሕግ ፊት ባለቤት የሚባለው በውሉና በካርታው ላይ ስሙ የሰፈረው ዘመድ ነው።

ካለፉት ዘመናት የሚገኝ ትምህርት

አለመረጋጋት በንብረት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ሦስት ሁኔታዎች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የሕግ ለውጥ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አድርጓል። ከመኖሪያቸው ሌላ የሚከራይ ቤት የነበራቸው ሰዎች ሰነዳቸው የተሟላ ቢሆንም ቤታቸውን አጥተዋል። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያስገድዳል። ይህ ጠንካራ ዋስትና ነው፤ ሆኖም ካሣውን ለመጠየቅ መብቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የግንኙነት መቋረጥ ነው። በትግራይ ክልል ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት አንሥቶ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት እስከተፈረመበት ጊዜ ድረስ የባንክ፣ የስልክና የመብራት አገልግሎት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በውጭ ያለ ባለንብረት የቤቱን ሁኔታ ማወቅም ሆነ ለጠባቂ ወይም ለግንባታ ክፍያ መላክ አይችልም። ባለቤትነቱ በሕግ ቢጸናም ንብረቱ ከእጁ ርቆ ይቆያል።

ሦስተኛው የገንዘብ ዋጋ ለውጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የለውጡን ክብደት በምሳሌ ማየት ይቻላል፦ በ5 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር የተዋዋለ ገዢ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 100 ሺህ ዶላር ያስፈልገዋል፤ በ114 ብር ሲመነዘር ግን 50 ሺህ ብቻ ይበቃዋል። ቀድሞ ሙሉውን የከፈለ ሰው የቤቱ የብር ዋጋ ካላደገ በስተቀር በዶላር ሲሰላ የገንዘቡን ግማሽ አጥቷል። ያልከፈለው ደግሞ ሻጩ የዋጋ ማሻሻያ አንቀጽ በውሉ አስገብቶ ከሆነ ያገኘውን ብልጫ ያጣል።

የሥጋቶቹ ዓይነቶች

የመብት ሥጋት፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በአንቀጽ 1185 መሠረት ደግሞ ባለቤትነቱ የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲመዘገብ ነው። በመንደር ውል ገንዘብ ከፍሎ የስም ዝውውሩን ለሰላሙ ጊዜ ማቆየት ስለዚህ ከሁሉ የከፋ አማራጭ ነው። መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉ ወይም መዛግብት ሲጠፉ ገዢው ባለገንዘብ እንጂ ባለቤት ሆኖ አይገኝም።

የርካሽ ዋጋ ሥጋት፦ ግጭት ባለበት አካባቢ ለመሸሽ የተጣደፈ ሰው ቤቱን በዝቅተኛ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ገዢው ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ ከመቁጠሩ በፊት ሕጉን ማየት አለበት። በግዳጅ የተሰጠ ፈቃድ ውልን ሊያስፈርስ ይችላል፤ በአንቀጽ 1810 መሠረትም የማፍረስ ክስ የሚቀርበው ምክንያቱ ከተወገደበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ይህም ሲባል ተገዶ የሸጠ ሰው ፀጥታው ከተመለሰ በኋላ ሊከስ ይችላል ማለት ነው። ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ ከሚገባው በታች የተገዛ ቤትም በአንቀጽ 1710 መሠረት ክርክር ሊነሣበት ይችላል።

የግንባታ መጓተት ሥጋት፦ ገና ያልተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ለዓመታት የሚቆይ ግዴታ ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 1793 የእርስ በርስ ጦርነትንና ሥራን የሚከለክል የመንግሥት ትእዛዝን ከዐቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች መካከል ይቆጥራል፤ ሻጩም በዚህ ተከላክሎ ከኪሣራ ኃላፊነት ሊድን ይችላል። በአንጻሩ አንቀጽ 1792 አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ነገር ከዐቅም በላይ እንደማይባል ይደነግጋል። ውሉ አለመረጋጋቱ ከጀመረ በኋላ የሚፈረም ከሆነ የትኛው ሁኔታ ሥራን ለማቆም ምክንያት እንደሚሆን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እና ጊዜው ካለፈ ቅድሚያ ክፍያው እንዴት እንደሚመለስ በግልጽ መጻፍ ይገባል።

የውክልና ሥጋት፦ በውጭ ያለ ገዢ በአብዛኛው የሚሠራው በወንድም፣ በእኅት ወይም በወዳጅ ነው። በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመግዛት ብቻ የተፈለገ ውክልና የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን እንዳይጨምር፣ የቤቱን አድራሻና ከፍተኛውን ዋጋ እንዲጠቅስ ማድረግ ይቻላል። ተወካዩ ሲሞት ውክልናው ስለሚቋረጥ በሌላ ከተማ የሚኖር ተተኪ ተወካይ አስቀድሞ መሰየም ይመረጣል።

የመድን ሥጋት፦ የተለመደው የእሳት አደጋ መድን ዋስትና በአብዛኛው ጦርነትንና የፖለቲካ ሁከትን አይሸፍንም። ለሁከት ጉዳት ተጨማሪ ሽፋን መኖሩንና የቤቱ አካባቢ በሽፋኑ ውስጥ መሆኑን ከመድን ሰጪው በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እንዴት ይመዘናል?

ሥጋቶቹን ሰነድ የሚቀንሳቸውና ሰነድ የማይቀንሳቸው ብሎ በሁለት መክፈል ለውሳኔ ይረዳል። የተጭበረበረ ካርታ፣ የተሸሸገ ዕዳ፣ ልቅ ውክልናና አሻሚ ውል ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ጊዜና ጥቂት ወጪ ከተሰጣቸው ይቃለላሉ። ጦርነት፣ የሕግ ለውጥና የብር ዋጋ መውረድ ግን በገዢው ጥንቃቄ የሚወገዱ አይደሉም። ለእነዚህ መፍትሔው የሚመደበውን የገንዘብ መጠን መወሰን ነው።

ገዢው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ሊመልስ ይገባል። ገንዘቡ ለሦስት ዓመት ባይንቀሳቀስ በውጭ ያለው ቤተሰብ ኪራዩን፣ የትምህርት ቤት ወጪውንና የሕክምናውን መሸፈን ይችላልን? የመኖሪያ ፈቃዱ ቢሰረዝ ወይም ሥራው ቢቋረጥ ቀሪው ክፍያ ከየት ይመጣል? ቤቱ ባለበት አካባቢ ለአንድ ዓመት መግባት ባይቻል ማን ይጠብቀዋል? ለአንደኛው እንኳ መልስ ከታጣ ግዥውን ማዘግየት፣ አነስ ያለ ቤት መምረጥ ወይም ያለቀ ቤት መግዛት የተሻለ ነው። መጠበቅም ወጪ እንዳለው መዘንጋት አይገባም፤ ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን በዋጋ ጭማሪ የሚደርሰው ጉዳት የሚታወቅ ሲሆን ባልተመዘገበ ውል የሚደርሰው ጉዳት ሙሉውን ገንዘብ ሊወስድ ይችላል።

ከክፍያ በፊት የሚከናወኑ ተግባራት

1. የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ዋናው ቅጂ ይዞታውን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ጋር መመሳከሩን፣ ቤቱ ከባንክ መያዣና ከፍርድ ቤት እግድ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ።
2. ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱንም ተጋቢዎች ፈቃድ መያዝ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሾች ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል።
3. ከሻጩም ሆነ ከደላላው ጋር ግንኙነት የሌለው ጠበቃ መቅጠር።
4. ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማረጋገጥ፣ በአገር ውስጥም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ማስመዝገብ። ውክልናው ሲሻር ስረዛውን በዚያው ማስመዝገብ።
5. ገንዘቡን በባንክ ማስተላለፍ፣ የዝውውሩንም ደረሰኝ ማስቀመጥ። በጥቁር ገበያ የተላከ ገንዘብ በክርክር ጊዜ ለመከፈሉ ማስረጃ የለውም፤ ላኪውንም ለሕግ ተጠያቂነት ይዳርገዋል።
6. ክፍያውን ከመብቱ መተላለፍ ወይም ከግንባታው ደረጃ ጋር ማያያዝ፤ የመጨረሻውንም ክፍል ስም ሲዛወር ወይም ቁልፍ ሲሰጥ መክፈል።
7. የውሉን፣ የካርታውን፣ የደረሰኞቹንና የውክልናውን የተረጋገጠ ቅጂ ገዢው በሚኖርበት አገር ማስቀመጥ። ሰነዱ በሙሉ በተወካዩ እጅ ብቻ ሊሆን አይገባም።

እነዚህ ተግባራት አለመረጋጋትን አያስቀሩም። ሆኖም ፀጥታ ሲመለስና መሥሪያ ቤቶች ሲከፈቱ መብቱን በሰነድ የሚያስረዳ ባለቤት እና ገንዘብ መክፈሉን በምስክር ለማስረዳት የሚደክም ገዢ እኩል አይቆሙም። ዜጎችም ከመፈረማቸው በፊት በሚቀርባቸው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ስለ ውክልናና ስለ ሰነድ ማረጋገጫ ሥርዓቱ እንዲጠይቁ፣ ለተለየ ጉዳያቸውም የሕግ ባለሙያ እንዲያማክሩ ይመከራል።