«ቦታ ያዥ»፦ የወተት መንጋጋ ያለጊዜው ሲነቀል

የሰባት ዓመት ልጅ መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ሌሊቱን ስታለቅስ ካደረች፣ ጎንደር ውስጥ ማራኪ ሰፈርም ሆነ አዘዞ ያለች እናት ጠዋት የምትለው ያው ነው፦ «የወተት ጥርስ አይደል፤ ይነቀልላትና ትረፍ፣ ሌላ ይበቅልላታል።» ሌላ መብቀሉ እውነት ነው። መቼ እንደሚበቅል ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም። የመጨረሻው የወተት መንጋጋ በራሱ ጊዜ የሚወልቀው ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። በ7 ዓመቱ ከተነቀለ ተተኪው እስኪመጣ ቦታው ሦስት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ባዶውን ይቆያል።

አፍ ውስጥ ደግሞ ባዶ ቦታ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ አንድ አዲስ መንጋጋ ብቅ ይላል። ይህ ቋሚ ጥርስ ነው። የሚበቅለው ምንም ጥርስ ሳይወልቅለት ስለሆነ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል፤ በዚህ የተነሳ ሳይታከም ተቦርቡሮ የሚቀረው ቋሚ ጥርስ ያሳዝናል። የዚህ መንጋጋ ግፊት ወደ ፊት ነው። ፊቱ ያለው የወተት መንጋጋ ከተነቀለ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ይጠጋል። ከሁሉ የሚበዛው መጠጋት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሲሆን፣ ከታችኛው መንገጭላ ይልቅ በላይኛው ይፈጥናል። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ ጥርስ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። ወይ አጥንት ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ወይ በጎን ይወጣል። እኛ ያን ጊዜ «ጥርሷ ተደራረበ» ብለን ተፈጥሮዋ ነው እንላለን።

ይህን ለመከላከል የጥርስ ሐኪሞች የሚያስሩት ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በሙያው ቋንቋ «ስፔስ ሜንቴነር» ይባላል። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ እናቶቿ ይህን መሣሪያ በራሳቸው ቋንቋ ሊጠይቁበት የሚችሉበት ስም ሊኖራቸው ይገባል። «ቦታ ጠባቂ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዘበኛን ያስታውሳል። «ክፍተት ጠባቂ» ደግሞ የሚፈለገው ክፍተቱ ራሱ ያስመስለዋል። እኔ የመረጥኩት «የጥርስ ቦታ ያዥ» የሚለውን፣ ሲያጥር «ቦታ ያዥ» ነው። ወፍጮ ቤት ወይም ታክሲ ሰልፍ ላይ «ቦታ ያዥልኝ» የተባለች ሴት የምታደርገውን ሁሉ ይህ መሣሪያ ያደርጋል፦ ሌላ እንዳይገባ ትይዛለች፣ ባለቦታው ሲመጣ ትለቃለች።

በብዛት የሚሠራበት ዓይነት እንዲህ ነው። ከክፍተቱ ኋላ ያለው መንጋጋ ላይ ስስ የብረት ቀለበት ይጠልቃል። ከቀለበቱ የተነሳ ሽቦ እንደ ቀስት ታጥፎ ክፍተቱን ይሻገርና ፊት ያለውን ጥርስ ይነካል። ከሽቦው መሐል አዲሱ ጥርስ የሚወጣበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይተዋል። ሐኪሙ መጀመሪያ የልጁን አፍ ልክ ይወስዳል፤ መሣሪያው ተሠርቶ ሲመጣ በጥርስ ሲሚንቶ ይለጥፈዋል። መርፌ የሚያስወጋ ሥራ አይደለም። በሁለቱም በኩል መንጋጋ ለጎደለው ልጅ ከግራ ቀኝ ያሉትን መንጋጋዎች በአንድ ሽቦ የሚያያይዝ ሌላ ዓይነት አለ። የሚወልቅና የሚጠለቅም አለ፤ እሱን ግን ልጆች ቶሎ ይጥሉታል።

ከታሰረ በኋላ ከረሜላ፣ ማስቲካና ጠንካራ ቆሎ ይቅርበት። በየጥቂት ወሩ መታየትም አለበት፤ ሲሚንቶው ከለቀቀ ከቀለበቱ ሥር ምግብ ገብቶ ደኅናውን ጥርስ ያበላሻል። አዲሱ ጥርስ ብቅ ሲል ደግሞ መውጣት አለበት፤ ተረስቶ የቀረ ቦታ ያዥ ራሱ መንገድ ይዘጋል።

ሁሉም ልጅ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። የፊት ጥርሱን ወድቆ የሰበረ የአምስት ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ራጅ ተነስቶ ተተኪው ሊወጣ የተቃረበ መሆኑ ከታየም መጠበቅ ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ያዥ ግን የወተት ጥርሱ ራሱ ነው። የተቦረቦረ የወተት መንጋጋ ሊሞላ፣ ነርቩ ታክሞ የብረት ቆብ ሊለብስ ይችላል፤ መንቀል መቅደም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በጎንደር ከተማ ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 842 ልጆችን አይቶ ከመቶ 36 ያህሉ የተበላ ጥርስ እንዳላቸው አግኝቷል። ችግሩ እዚሁ ቤታችን ነው።

አንድ ሌላ ያለጊዜው መነቀል አለ፤ እሱን ምንም ቦታ ያዥ አይመልሰውም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ ክራንቻው ከድዱ ተቆፍሮ የሚወጣበት ልማድ ነው። ከጎንደር አካባቢ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች የወተት ክራንቻቸው መጉደሉን የጥርስ ሐኪሞቹ ሆላንና ማምበር እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈውበታል። ከወተቱ ቡቃያ ጎን የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ ስላለ በዚያው ስለት ይጎዳል፤ ጥርሱ ከዓመታት በኋላ ተበላሽቶ ይወጣል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በንጽሕና ያልተያዘ ስለት ደግሞ ከጥርስም አልፎ ነፍስ ይወስዳል። ለሚያስቀምጠው ሕፃን መድኃኒቱ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው፤ ግግ የሚባለውም ሊበቅል የደረሰ የጥርሱ እብጠት ነው።

እናንተ ወላጆች፣ የልጃችሁ መንጋጋ ሊነቀል ወንበር ላይ ከተቀመጠ መጀመሪያ «ማዳን አይቻልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የግድ ከሆነም ከክሊኒኩ ሳትወጡ «ቦታ ያዥ ያስፈልገዋል ወይ?» በሉ። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።