ከጣና ዳር እስከ ሮሐ፤ የተሳላሚና የተማሪ መንገድ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በአገራችን መንገድ የሚከፈተው በሦስት ነገር ነው፤ በንጉሥ ዘመቻ፣ በነጋዴ ጭነትና በተሳላሚ እግር። ከእነዚህም ሁሉ ዕድሜው የረዘመ የተሳላሚው ነው። ዘመቻ ሲያልቅ ሠራዊት ይበተናል፤ ንግድ ሲከስር ነጋዴ አገር ይለውጣል፤ በዓል ግን በየዓመቱ ስለሚመለስ ተሳላሚውም ከበዓሉ ጋራ ይመለሳል። ከጣና ዳር ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ላስታ የሚዘልቀው መንገድ ለዚህ ምስክር ነው።

ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ይከበራል። ስለዚህ የበጌምድር ምእመን ውርጭ በሚበረታበት ወራት በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሰንቆ፣ ዘንጉን ተመርኩዞ ይነሣ ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉናን ተራራ በቀኙ ትቶ፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጨጨሆ ይደርሳል። ጨጨሆ የበጌምድር በር ነው፤ በዚያ መድኃኔ ዓለምን ተሳልሞ ወደ ዋድላ ይሻገራል። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ በጋይንት በኩል አልፈዋል። የስማዳ ሰው ደግሞ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ሲነሣ የበሽሎን ቆላ ወርዶ፣ እንደ ገና አቀበቱን ወጥቶ ይሄዳል።

ይህ መንገድ ግን የተሳላሚ ብቻ አልነበረም፤ የተማሪም ነበረ። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ያነገተው ልጅ የሚሄደው ስለ ትምህርት ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክር ወደ ዙር አምባ ይጓዛል። ዙር አምባን ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰበት ቦታ ነው ብሎ ትውፊት ይናገራል። በእስቴ በኩል ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ። የቤተ ልሔምና የቆማ ስም በድጓ ዜማ ስልቶች መካከል እስከ ዛሬ ይጠራል። ተሳላሚውም ተማሪውም የሚያድሩት በአንድ ደጀ ሰላም፣ የሚበሉትም ከአንድ ገበሬ ቤት ነበር፤ የእግዚአብሔር እንግዳ ተብሎ የመጣውን ከደጅ መመለስ በመንደሩ ነውር ነበረና።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ነገር ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል። ከሩቅ ለሚያየው በሣር የተከደነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ወደ ውስጥ ለገባ ግን በላስታ ዘመን አሠራር በድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንጻ ይገለጥለታል። በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዛዊው ቶማስ ፓኬንሃም አይቶት ለውጭ አገር ሰዎች በመጽሐፍ ቢያስታውቀው እንደ አዲስ ግኝት ተቈጠረ። በደጁ አድሮ ድጓ ያጠና ተማሪ ግን ከዚያ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። መንገዱን በእግሩ የሄደ፣ በደጁም ያደረ፣ ውስጡን ያያል።

በደርግ ዘመን ቻይናውያን መሐንዲሶች ከወረታ እስከ ወልድያ ጥርጊያ መንገድ ሠሩ። የብዙ ቀን ጉዞ የአንድ ቀን ሆነ፤ ለአረጋዊና ለድውይ ታላቅ እፎይታ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን መኪና በነፋስ መውጫ ሲያልፍ ወደ ቤተ ልሔም አይገነጠልም፤ ተሳፋሪውም ዙር አምባን ሳያይ ላሊበላ ይደርሳል። በእግረኛው ማደሪያ ይጠበቁ የነበሩ መንደሮች እንግዳ ሲቀርባቸው፣ ከእንግዳው ጋራ ይካፈል የነበረው የተማሪው ቁራሽም ይቀንሳል። ቁራሽ ሲቀንስ ጉባኤው ይሳሳል፤ ጉባኤ ሲታጠፍም ድጓው በብራና ላይ ቢቀር እንኳ የሚያዜመው አፍ ይጠፋል።

ስለዚህ ወደ ሮሐ የሚሄድ ሁሉ፣ በመኪናም ቢሆን፣ በመንገዱ ካሉት አንዱን ደብር ይሳለም፤ ለአብነት ተማሪውም ከስንቁ ያካፍል። እንዲህ ያደረገ ሰው የአባቶቹን መንገድ ሄዷል ይባላል።