ፔዳጎጂ አካዳሚ፦ የገጠሩን መምህር ያስተማረው ተቋም

የባሕር ዳር ሰው ዛሬም «ፔዳ» የሚለው ግቢ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ይሁን ተብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በሦስትዮሽ ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚን መሠረቱ፤ ሥራውም በሚቀጥለው ዓመት ተጀመረ። የታሰበው ለገጠሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር።

ይህ ዓላማ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና በ1936 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ከተጀመረ ወዲህ ሐረር፣ አሥመራና ደብረ ብርሃን የየራሳቸው ማሠልጠኛ ኖሯቸዋል። ኮሌጅ የበጠሰ መምህር መዳረሻው ግን በአብዛኛው ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ፊደል የሚያስቆጥረው መምህር በአጭር ሥልጠና ወደ ወረዳው ይላክ ነበር። አካዳሚው ይህን ልማድ ገለበጠው፦ የማሠልጠኛ አስተማሪዎችን፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ማዘጋጀት ጀመረ። ይህም የአንደኛ ክፍል ሥራ ራሱን የቻለ ዕውቀት ይፈልጋል ብሎ ማመን ነበር፤ እኔ ትልቁን ቁም ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ዕውቀት ነገር በሥልጠናው ላይ ይታያል፦ ዕጩ መምህሩ የልጅ ሥነ ልቦናና የማስተማር ዘዴ ይማራል፤ የትምህርት ዕቅድ ይጽፋል፤ ከካርቶንና ከጭቃ የትምህርት መርጃ ይሠራል። ሁሉም የሚፈተነው በማስተማር ልምምድ ነው። አሠልጣኙ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲታዘብ፣ ሰባ ልጅ የታጨቀበትን ክፍል ራሱ ይዞት የማያውቅ ከሆነ ምን ብሎ ያርመዋል? ጽሑፉ የጠራ መሆኑን፣ ዕቅዱ መሞላቱን ያያል። ከጥግ ያለችው ልጅ ማንበብ እንዳቃታት ግን ላያስተውል ይችላል።

አካዳሚው ገና ሳይጠና የ1966 ዓ.ም. አብዮት ማዕበል ደረሰ። «የትምህርት ዘርፍ ክለሳ» የተባለው ጥናት ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት ትምህርት ይዳረስ፣ ትምህርቱም ከገጠር ኑሮ ጋር ይስማማ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መምህራን የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። የደሃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳያልፍ በር ሊዘጋበት ነው ብለው ሰጉ፤ የደመወዛቸውም ነገር አሳሰባቸው። ስጋታቸው ይገባኛል። ወላጅም ሆነ መምህር ያልተጠየቀበት ዕቅድ፣ ውስጡ በጎ ሐሳብ ቢኖርም፣ ማን ያምነዋል? መንግሥት ክለሳውን በሥራ ከማዋል ተቆጠበ፤ ዘውዱ ግን በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ተናግቶ ነበር።

አካዳሚው ከለውጡ ተርፎ ቀጠለ። በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ከተመሠረተው ፖሊ ቴክኒክ ጋር በ1992 ዓ.ም. ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ወለደ። የትምህርት ክፍሎቹ በዙ፣ ስሙ ገነነ። የመነሻው ሐሳብ ግን እንዳይረሳ፣ የመምህራን ኮሌጆቻችን ዛሬ አሠልጣኝ ሲቀጥሩ ከዲግሪው ቀጥሎ «አንደኛ ክፍል አስተምረህ ታውቃለህ?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱንም እንደ ዲግሪው ቢመዝኑት እወዳለሁ።